እትዬ ታቢታ ያጠለሉት ውሃ

እትዬ ታቢታን በደንብ አላውቃቸውም። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ ያሳፍረኛል። ቦሳ አዲስ በሚባለው የከተማችን ሰፈር በምትገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ በአንድ ረድፍ ተቀምጠናል፤ እሳቸው በግድግዳው በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። «ጌታ ይባርክህ»፣ «አሜን፣ እርስዎንም» ከመባባል ሌላ ግን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። በአጋሮ መንገድ ካለች አንዲት የቡና መንደር በሚኒባስ እንደሚመጡ፣ ቦሳ አዲስ ያገባች ልጅ እንዳለቻቸው፣ መዝሙር ሲዘመር ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ አውቃለሁ። ይኸው ነው። ስለ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ይህ እንደማይበቃ ይገባኛል። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃቸው ሰው ቢጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጽፍ ግን አላየሁም።

ነገሩን የሰማሁት በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር ባለችው ሱቄ ነው። ፎቶኮፒ አነሳለሁ፣ ወረቀት እጠርዛለሁ። አምና ሰኔ ላይ ፍሬሰላም የምትባል ወጣት መምህርት አንድ ወፍራም የመመረቂያ ጥናት በአራት ቅጂ ልታስጠርዝ አመጣች። ስለ ረግረግ መሬት አፈር፣ ስለ ውሃ ጥራትና ስለ ብክለት ነው። የእኔ እንግሊዝኛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ከሠንጠረዡና ከካርታው ሌላ ብዙም አልገባኝም። የምስጋናን ገጽ ግን አላልፍም፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት ውስጥ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው። ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ብቻ በአማርኛ ተጽፋለች፦ «ውሃውን ለቀዱልኝ፣ ስህተታቸውንም በሰው ፊት ለተናገሩልኝ ለእትዬ ታቢታ።»

«ይቅርታ» አልኳት፣ «እኚህ እትዬ ታቢታ ረዘም ቀጠን ያሉ ናቸው? በአጋሮ መንገድ የሚኖሩ?»

«ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አላውቃቸውም። አጠገባቸው ነው የምቀመጠው።»

ሳቀች። ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ በርጩማ ስቤላት ተቀመጠችና ነገረችኝ። የቀረውን በኋላ ከጎረቤታቸው ከዘይቡ፣ ጥቂቱን ደግሞ ከራሳቸው ሰማሁ።

እትዬ ታቢታ የተወለዱት ከዱራሜ ወዲያ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከባላቸው ጋር ለቡና ለቀማ መጡ፤ ለአንድ ወቅት ብለው። በሁለተኛው ዓመት ባላቸው በወባ ሞተ። ልጅቱ ገና በጀርባ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ አንዲት የመንደሩ ሴት ከጓሯቸው ያለውን ክፍል ከፍተው «ቤት እስክታገኚ እዚህ ሁኚ» አሏቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩበት። የሴትዮዋ ልጅ ፈይሳ ጎረምሳ ነበር፤ ክረምት ክረምት ጎርፉ እንዳይወስዳት የታቢታን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር።

ያ ጎረምሳ ዛሬ ከመንደሩ በላይ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነው። የጣቢያውን ስም አልጽፍም። ጥቅምት ሲገባ ቀዩ እሸት ቡና በጆንያ ይመጣል፤ መፈልፈያው ልጣጩን ይገፈዋል፤ ያጠበው ውሃ ከነልጣጩና ከነሙጫው በቦይ ወርዶ ጨፌ ሎኒ ውስጥ ይገባል። ጨፌ እዚህ አገር ቄጠማ የሚበቅልበት ረግረግ ነው። ከጨፌው ግርጌ ምንጭ አለ፤ እትዬ ታቢታና ዘይቡ የሚቀዱት ከዚያው ነው። በቡና ወቅት ምንጩ የቆየ ሻይ ይመስላል። ከብቱ አፉን አስጠግቶ፣ አሽትቶ ይመለሳል። የዘይቡ ክንድ እስከ ክርኑ ይቆስልና ሌሊቱን ሲያኩ ያድራሉ። ሌላ ውሃ ካሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ለእግረኛ፣ ያውም ጀሪካን ላልያዘ።

ፍሬሰላም ካቻምና መስከረም ወደዚያ ጨፌ የመጣችው ረጅም የአፈር መሰርሰሪያ ብረት ተሸክማ ነው። ከጨፌው አፈር ታወጣለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ ታሸታለች፣ በከረጢት ታስራለች። ውሃው ግን በየሳምንቱ መቀዳት ነበረበት፤ እሷ ደግሞ ታስተምራለች። በየማክሰኞ ንጋት ከሦስት ቦታ፣ ማለትም ከጣቢያው በላይ፣ ከቦዩ በታችና ከምንጩ፣ በጠርሙስ ሞልቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ የሚልክላት ታማኝ ሰው ጠየቀች። መንደሩ በሙሉ አንድ ስም ሰጣት።

«እንዳለ ይቅዱልኝ» አለቻቸው። «አያፍሉት፣ መድኃኒትም አይጨምሩበት።»

«እሺ ልጄ።»

ዐሥር ሳምንት አንድም ማክሰኞ አልቀረም። ጠርሙሶቹ ከውጭ ታጥበው፣ በኮባ ተጠቅልለው፣ በገመድ ታስረው ይደርሱ ነበር። «እንደ ሙሽራ ስጦታ» አለችኝ ፍሬሰላም።

ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነበር። ከጨፌው የምታወጣው አፈር ከላዩ ክንድ የሚያህል ጥቁር ዝቃጭ ተሸክሟል፤ ሽታው ከእጅ አይለቅም። ውሃውን ስትለካው ደግሞ ከቦዩ በታች ያለው እንደ ቡና እጣቢ ይኮመጥጣል፤ ዝቃጭ ግን ከቦዩ በላይም ሆነ በታች እኩል ነው፤ የለውም ማለት ይቻላል። ኮምጣጣ ሆኖ ኩልል ያለ ውሃ! መሣሪያዋን ጠረጠረች፣ አስፈተሸችው፤ ደህና ነው። እጇን ጠረጠረች። «ማታ ማታ ትምህርቴን ልተወው እያልኩ አስብ ነበር» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ራስን መጠርጠር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ይህ በእሷ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። ቀበሌው ጣቢያውን ውሃው ከመለቀቁ በፊት የሚያርፍበት ጉድጓድ ቆፍር ብሎ ይወተውት ነበርና የጥናቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ጠይቋት ሰጠችው። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ጣቢያው እጅ ገባ። «ጥናቱ ራሱ ውሃው ንጹሕ ነው ይላል» ተባለ። ጉድጓዱ ቀረ። ጉድጓዱ ቀረ ማለት በሚቀጥለውም ወቅት ምንጩ ሻይ ሊሆን ነው ማለት ነው።

በዐሥራ አንደኛው ሳምንት ፍሬሰላም ሳትናገር ሰኞ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት መንደሩ ደረሰች። እትዬ ታቢታን ከቤታቸው አገኘቻቸው። ከግድግዳው ሥር ሦስት ነጫጭ የቀለም ባልዲዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው አፍ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተወጥሮ ታስሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ውሃሽ ነዋ! አሁን ቀድቼ መመለሴ ነው። እስኪጠል ነው ያስቀመጥኩት።»

«እስኪጠል?»

«አዎ። ያድራል፣ ቆሻሻው ከታች ይዘቅጣል። ጠዋት ከላይ ከላዩን በነጠላዬ አጠልለውና ጠርሙስሽ ውስጥ እጨምረዋለሁ።» ፊቷን አዩና ደነገጡ። «ምነው? ቆሻሻ ቀርቶበታል እንዴ? ሁለቴ ነበር እኮ የማጠልለው!»

ፍሬሰላም መሬት ላይ ቁጭ አለች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ ለራሷም አልገባትም ነበር።

«እንዳለ ብዬዎት ነበር እኮ እትዬ።»

«አያፍሉት አልሽኝ፤ አላፈላሁም። መድኃኒት አይጨምሩ አልሽኝ፤ አልጨመርኩም። አያጥልሉት መቼ አልሽኝ?» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በአባቴ ቤት ለእንግዳ የደፈረሰ ውሃ አይሰጥም። አንቺ ደግሞ ከከተማ ድረስ የእኛን ውሃ ፈልገሽ ስትመጪ፣ ያንን ጭቃ በጠርሙስ ልልክልሽ ነው? ምን ትይናለሽ?»

ያን ጊዜ ነው ፍሬሰላም በሩ ላይ የተሰጣውን ነጠላ ያየችው። በየሳምንቱ በአዲስ በአዲስ ቦታው ያጠልሉበት ስለነበር ከጥለቱ በላይ ዐሥር ክብ እድፎች ተከታትለው ወጥተውበታል። የመጀመሪያው የሻይ ጠብታ ያህል የፈዘዘ ነው፤ የመጨረሻው የተቆላ ቡና ይመስላል። ሳሙና አልበገረውም። ፍሬሰላም በልኬት ያጣችው ነገር በሙሉ በዚያ ጨርቅ ላይ ቀርቶ ነበር።

ነገሩን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። እትዬ ታቢታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ጉድጓዱ የቀረው በእኔ ውሃ ነው?»

«በእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔም ቆሜ ማየት ነበረብኝ።»

«በእኔ ውሃ ነው» አሉ።

ፍሬሰላም ቁጥሮቹን ልሰርዝ፣ ስምዎን አላነሳም አለቻቸው። ግን እሷም እሳቸውም የሚሆነውን ያውቁ ነበር። ዝም ብላ ብትሰርዘው ጣቢያው «ንጹሕ ሆኖ ስላገኘችው ደበቀችው» ይላል። ውሃው እንዴት እንደጠራ መናገር የሚችል ያጠለለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ቢናገር ደግሞ በመንደሩ ታማኝ የተባለበትን ስም ያጣል፤ የሚናገረውም በፈይሳ ፊት፣ በፈይሳ ላይ ነው። መጠጊያ በሌላቸው ጊዜ በር የከፈቱላቸው ሴት ልጅ ላይ።

ስለ ጉድጓዱ የሚነጋገር የቀበሌ ስብሰባ የካቲት ላይ ተጠራ። ዋዜማውን እትዬ ታቢታ ከዘይቡ ጋር ምንጩ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ዘይቡ ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው።

«ወላሂ ታቢታ፣ ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ውሃ ቀዳሁ። ለእኔ አንድ ቀን አጥልለሽ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«ኤ! ለከተማ ልጅ የጠለለ፣ ለዘይቡ ጭቃ!»

«ተዪኝ ዘይቡ። ነገ ቆሜ ልናገር ነው፤ መቆሙን የምችለው አይመስለኝም።»

«ትችያለሽ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ ብትወድቂ እይዝሻለሁ።» ዘይቡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን አሳዩ። «ይሄ ክንድ ግን ሌላ ዓመት አይችልም። ዱጋ፣ እውነት ነው የምልሽ።»

ስብሰባው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በስተጀርባ፣ ዋንዛው ሥር ነበር። ፈይሳ ከጣቢያው ባለቤት የተላከለትን ወረቀት ቆሞ አነበበ፦ ዐሥር ሳምንት ተለክቶ ውሃው ጥሩ ሆኖ ስለተገኘ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም። ፈጥኖ ነበር ያነበበው ይላሉ፤ ቀና ሳይል።

እትዬ ታቢታ ተነሡ። ነጠላውን ከክንዳቸው ፈትተው ዘረጉት። አንዱን ጫፍ ዘይቡ ያዙላቸው።

«እኔ ነኝ የቀዳሁት» አሉ። «አጥልዬ ነው የላክሁት። የሚጠጣ መስሎኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። የእኛ መንደር ውሃ እንዲህ ነው እንዳይባል። ከውሃው ያወጣሁት ይኸውላችሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ጨርቁ ተጠጋ። የቡና ልጣጭ እድፍ መሆኑን ማንም አላጣውም፤ ሁሉም ቡና የሚያውቅ ነው።

«ታዲያ ውሃውን ያበላሸሽው አንቺ ነሻ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሳቅ ሆነ።

«አይ» አሉ እትዬ ታቢታ። «ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ያበላሸውን እናንተ ታውቁታላችሁ።»

«አዴ ታቢታ» አለ ፈይሳ፤ አዴ ማለት በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ ክብር ነው። «ታማኝ ብለን ነው እኮ ለልጅቱ የሰጠንሽ።»

«ታማኝ ስለሆንኩ ነው የቆምኩት፣ ልጄ።»

ይህን ብለው ተቀመጡ፤ ዘይቡ ያዟቸው። ፈይሳ ወረቀቱን አራት አድርጎ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ለቀበሌው ሰዎች ምን እንዳላቸው አልተሰማም፤ በግንቦት ግን ቆፋሪዎቹን ይዞ የመጣው እሱ ነው። ከጣቢያው ሥር ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ውሃው በአንደኛው አርፎ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ጨፌው እንዲፈስ። «ውሃው ከእኛ ቤት ወጥቶ ጣቢያው ውስጥ መጥለል ጀመረ» ይላሉ ዘይቡ።

ፈይሳ ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ በእትዬ ታቢታ ደጅ አላለፈም። መንገዱን በቡናው ውስጥ አዞረው። በሐምሌ ጣሪያቸው ማፍሰሱን ሰምቶ ሁለት ቆርቆሮ በራሱ ተሸክሞ መጣ፤ መታ፣ እጁን ታጠበ፣ ሄደ። ስለ ውሃው አላነሱም።

ፍሬሰላም ዐሥሩን ሳምንት ሰረዘች። አንድ ዓመት ከትምህርቷ ዘገየችና አምና ጥቅምት እንደገና ጀመረች። ውሃ እንዲቀዱላት የጠየቀችውም እትዬ ታቢታን ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሲደርሱ፣ በምንጩ ጠርሙስ ውስጥ ጭቃ፣ አንድ ቅጠልና በሕይወት ያለ የእንቁራሪት ግልገል ነበረ። በኮባው ላይ በልጅ ጽሕፈት «እንዳለ» ተብሎ ተጽፏል።

ሙጫው ደርቆ ነበር። አራቱን ቅጂ አስረከብኳት።

እኔ በማግስቱ እሑድ እትዬ ታቢታን ላናግር ብዬ አልቻልኩም። በሌላውም እሑድ አልቻልኩም። አራት ወር ቆይቼ፣ በዚህ ዓመት ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ መንደሩ ሄድኩ። ሲያዩኝ አልገረማቸውም። «ባለ መተላለፊያው ወንድማችን!» ብለው አስገቡኝ። ለካ እሳቸውም እኔን በመቀመጫዬ ነው የሚያውቁኝ።

ውሃ ሰጡኝ፤ የጠለለ። ጠጣሁ።

ከዘይቡ ጋር ሦስት ሆነን ወደ ምንጩ ወረድን። ጠራ አይባልም፤ ግን ሻይ አይመስልም። አንዲት ላም ስትጠጣ አየሁ። ዘይቡ ሳልጠይቃቸው እጅጌያቸውን ገልጠው ክንዳቸውን አሳዩኝ፤ ጠባሳው አለ፣ ቁስሉ የለም። ከዚያ ስለ ካቻምናው እያነሡ ይቀልዱ ጀመር፤ ስለ ኮባው፣ ስለ ባልዲዎቹ።

«ባልዲዎቹንስ ከየት አመጧቸው?» አልኩ። እንዲሁ ነው ያልኩት።

«የጣቢያው ናቸው» አሉ ዘይቡ። «ጣቢያው ቀለም ሲቀባ የተረፉ። በሁለተኛው ሳምንት ፈይሳ ነው ያመጣላት። እኔ ደጃፌ ላይ ቡና ስለቅም ነበር፤ በዓይኔ አየሁት። ከነክዳናቸው! "በጀሪካን አይዘቅጥም፣ በዚህ አድርጊው" አላት። ሲያዝንላት እኮ ነው፣ መስኪን።»

ዘይቡ ይህን ብለው ጀሪካናቸውን ሊያጥቡ ጎንበስ አሉ። ያሉት ነገር ለእሳቸው የደግነት ወሬ ነው። እኔ ግን ቆጠርኩ፦ ሁለተኛው ሳምንት። ዋንዛው ሥር ወረቀቱን ቀና ሳይል ያነበበው ሰው።

እትዬ ታቢታ እያዩኝ ነበር። ቆጥሬ መጨረሴን ያወቁ መሰለኝ።

ሰው ማናገር እንደማልችልበት አይታችኋል። ቢሆንም አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ፈይሳ ወረቀቱን ሲያነብ፣ ውሃው የጠለለ መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው?»

ጀሪካናቸው ሞልቶ ይፈስ ነበር። ከምንጩ አፍ አነሱት፣ ክዳኑን አጠበቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዙሪያውን ጠረጉት። ነጠላው ያው ነው፤ ዐሥሩ ክብ ከጥለቱ በላይ ይታያል። ከጣቢያው በኩል የመፈልፈያው ድምፅ ይሰማል።

«ልጄን በትከሻው ነው ያሳደገልኝ» አሉ። «ይሄን አልመልስልህም፣ ወንድሜ።»